ሌንስ የሌለው ፍሬም

መነጽር ሠሪዋ ያንን ፊልም አላየሁም ያለች ዕለት፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያት ጀመር።

ሰው ሁሉ ሲባል እንግዲህ ከእሷ ሌላ ሦስት ሰው ነው። የዓይን ሐኪሙ ከኋላ ባለችው ጨለማ ክፍል ይመረምራል። እንግዳ ተቀባይዋ ከፊት፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። መነጽር ሠሪዋ ደግሞ በሁለቱ መሃል፣ በመስተዋት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሌንስ እየሞረደች ፍሬም ውስጥ ታስገባለች። እንግዳ ተቀባይዋን የሚያውቋት ሁሉ "ሬዲዮ" ነው የሚሏት። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ የጀመረችው ወሬ የሚያልቀው ማታ በሩ ሲዘጋ ነው፤ ያውም ካለቀ።

ሦስተኛዋ ሰው ደንበኛ ነበረች። ነገሩን ያነሳችውም እሷ ናት፤ "የዚያች የፊልሟ ሴት ዓይነት፣ ክብ ክቡ ፍሬም አላችሁ?" ብላ ጠየቀች። መነጽር ሠሪዋ በመስተዋቱ በር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

"የትኛዋ ሴት?" አለች።

ሬዲዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንዴ! የካርታ ሻጯ ናት እንጂ! ፊልሙን አላየሽውም እንዳትይኝ?"

"አላየሁትም።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ።"

ሐኪሙ ሳይቀር ከጨለማው ክፍል ወጣ። "እኔ እንኳን አይቼዋለሁ" አለ። "ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ አልቅሻለሁ። ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።"

ፊልሙ ገና እነሱ ሳይወለዱ የተሠራ ነው። ወላጆቻቸው አይተው ስቀውበታል፣ እነሱም ስቀውበታል፤ ጋዜጣ ላይ ስለ ፍቅርና ሳቅ ፊልሞች በተጻፈ ቁጥር አንደኛ የሚባለው እሱ ነው። "እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት!" አለች ሬዲዮ። "ምክንያት አልቀበልም። ታምሜያለሁ ብትዪ እንኳን በቃሬዛ አስመጣሻለሁ።"

መነጽር ሠሪዋ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። አብራት ትኖር የነበረችው እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሌላ ከተማ ያለው ወንድሟ በየሁለት ሳምንቱ ይደውልና "ሁሉ ሰላም?" ይላታል፤ "ሰላም" ትለዋለች፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም ስልኩ ተዘግቷል። ምሳዋን የምትበላው በዚያችው በመስተዋቷ ክፍል፣ ማሽኑ አጠገብ ነው። ስለዚህ እሁድ እስኪደርስ ጓጓች። ቅዳሜን ቀሚስ ስትተኩስ ዋለች። እሁድ ብርቱካን ገዛችና፣ መነጽሯን ሦስት ጊዜ ወልውላ፣ ከተባለው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድማ ደረሰች፤ በር ላይ ለመታየት አፍራ ሠፈሩን አንድ ዙር ዞረችው።

የሬዲዮ ሳሎን በሰው ተሞልቷል። ሁለት እህቶቿ ከነባሎቻቸው፣ አንዲት ጎረቤት፣ ሐኪሙ ከነባለቤቱ። የሬዲዮ ባል የጭነት መርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ቤቱን የሚያየው። ያንን ፊልም አብረው ያዩ ዕለት ነው ሊያገባት የጠየቃት፤ እና እሱ ባሕር ላይ ሆኖ ያ ቀን በመጣ ቁጥር ሬዲዮ ሰው ሰብስባ ታየዋለች። ይህንን ለመነጽር ሠሪዋ የነገራት አልነበረም። ወይም ከዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ተነግሯት ሳትሰማው አልፏት ይሆናል።

የሶፋውን መሃል ለቀቁላት። "የክብር እንግዳችን!" አሉና መጋረጃውን ሳቡት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ወደብ ላይ ካርታ የምትሸጥ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሴት አለች። የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሰው ደግሞ የካፒቴኑን ልብስ ተውሶ ካፒቴን ነኝ ይላታል። አንድ ማታ ጭፈራ ላይ መነጽሯን ታወልቃለች፤ ወዲያው ቆንጆ ትሆናለች፤ ሰፊ የእብነ በረድ ደረጃ እየተውረገረገች ስትወርድ ሰውየው ልቡ ይጠፋል። ከዚያ ውሸቱ ይታወቃል፣ ትጣላዋለች፣ መጨረሻ ላይ ረስታው የሄደችውን መነጽር በእጁ ይዞ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ይሮጠዋል።

ገና ሙዚቃው ሲጀምር ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም ንግግሩን በቃላቸው ያውቁታል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እነሱ ይጨርሱለታል። "ያለ አንቺ ባሕሩም ኩሬ ነው!" አሉ ዘጠኙም—ስምንቱ ማለት ነው—በአንድ ድምፅ። ከሁሉ የከበዳት ግን ይሄ አልነበረም። ፊልሙን ትተው እሷን ነበር የሚያዩት። የሚያስቀው ቦታ ሊደርስ ሲል አንገታቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ፤ ትስቅ እንደሆነ ይጠብቃሉ። ጥርሷን ብልጭ ታደርግላቸዋለች። ጉንጯ ደከማት። ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላው ሰዓቷን ለማየት ፈለገችና፣ እጇን ብታነሳ ሁሉም እንደሚያዩዋት ታውቃለችና ተወችው።

አለቀ። መብራት በራ። የሬዲዮ ታናሽ እህት ዓይኗን እየጠረገች ነው።

"እህስ?" አለች ሬዲዮ። "እንዴት ነው?"

መነጽር ሠሪዋ "በጣም ደስ ይላል" የሚለውን አዘጋጅታ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ፍሬሙ ሌንስ የለውም" አለች።

"ምን?"

"መነጽሯ። ባዶ ፍሬም ነው። ወፍራም ሌንስ ያደረገ ሰው እኮ የፊቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል፤ ዓይኑም ያንሳል። የእሷ ምንም የለውም።" ዝም ማለት ነበረባት። ግን ስለ ሥራዋ ስታወራ ብቻ ነው ምላሷ የሚፈታው፤ ቀጠለች። "ደግሞ የምርም እንደዚያ የማታይ ብትሆን፣ ያንን ደረጃ ያለ መነጽር ስትወርድ እግሯ ይሰበር ነበር።"

ከታላቅየዋ እህት ባል በቀር የሳቀ የለም። እሱም ሚስቱ ስታየው አቆመ።

"ሌላስ?" አለች ሬዲዮ ቀስ ብላ። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ያየሽው ነገር የለም?"

"ትንሽ... ረዘመብኝ።"

ሬዲዮ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠችና ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ብርጭቆ ስታጥብ ቆየች፤ ሐኪሙ ስለ አየሩ ሁኔታ አንድ ነገር ተናገረ። መነጽር ሠሪዋ ቦርሳዋን አንስታ፣ ሳይጠራ ምሳ ሰዓት ላይ እንደመጣ እንግዳ "እንግዲህ ልነሳ" አለች። ማንም "ተቀመጪ እንጂ" አላላትም።

ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ሰው ከነልጁ መንገድ ላይ ይንሸራሸራል። ስትመጣ ዞራው የነበረውን ሠፈር አንዴ ደግማ ዞረችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰኞ ጀምሮ ሬዲዮ ዘጋቻት። ስድብ የለ፣ ግልምጫ የለ፤ የደንበኛውን ወረቀት በመስተዋቱ ቀዳዳ ታስገባላታለች፣ "የሐሙስ ነው" ትላታለች፣ አለቀ። መነጽር ሠሪዋ አንድ ሳምንት ሲሆን ያልፍላታል ብላ ጠበቀች። ሦስት ሳምንት ሆነ። ቀድሞ ያ ወሬ ራሷን ሲያዞራት ማሽኑን ሆን ብላ ታስነሳ ነበር፤ አሁን ማሽኑን አጥፍታ ከባንኮኒው በኩል አንድ ነገር ይሰማ እንደሆነ ጆሮዋን ታቆማለች። "ኧረ ሁለታችሁም እዘኑልኝ" አለ ሐኪሙ አንድ ቀን። "ደንበኛ ሲገባ ቀብር ላይ የደረሰ እየመሰለው ድምፁን ይቀንሳል።"

የፊልሙን ቅጂ ከሐኪሙ ተዋሰችና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ብቻዋን አየችው። በማግስቱ ደገመችው። ሰው የሚስቅባቸውን ቦታዎች ስለምታውቅ እዚያ ስትደርስ ለመሳቅ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ ቦታው ያልፋል። ጉድለቱ የኔ ይሆናል አለች። ለሰው ሁሉ የሚጣፍጠው ነገር ላንድ ሰው ብቻ ካልጣፈጠው፣ የታመመው ምላሱ እንጂ ምግቡ አይደለም ብላ አሰበች። ሰኞ ለሬዲዮ፣

"ደግሜ አየሁት" አለቻት።

"እና?"

"ደስ ይላል።"

ሬዲዮ ለአፍታ አየቻትና፣ "ተዪው እባክሽ" አለች፤ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰው የማንበቢያ መነጽር ሊወስድ መጣ። መነጽር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ብሎን ስታጠብቅ ነበር፤ ከባንኮኒው በኩል ድምፁ መጣ።

"ዛሬ ይደርሳል ተብዬ ነበር። ደርሶ ከሆነ ልውሰደው፣ አለቀ ደቀቀ።"

መፍቻው ከእጇ ወደቀ።

ሃያ ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ እዚሁ ሱቅ ሥራ በተማረችበት ዓመት፣ አጠገባቸው የቀለም መሸጫ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ መነጽሯን አውልቃ በሥራ ገዋኗ ጫፍ ስትወለውል፣ የቀለም ቤቱ ሻጭ ወጥቶ "እንዲህ ያለ ዓይን ይዘሽ ዝም ብለሽ ሰው መሃል ትቆሚያለሽ?" አላት። እንዲህ ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የእሷ ሌንስ ማይነስ ዘጠኝ ነው፤ ዓይኗን እንደ ምስር ፍሬ ነው የሚያሳንሰው። መነጽሯን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች። ስምንት ወር ሙሉ፣ እሱ ባለበት ወይም ብቅ ሊል በሚችልበት፣ ከዚያ ኪስ አልወጣም።

ያለ መነጽር ከመዳፍ ስፋት ያለፈ ነገር አይታያትም። ክንዱን ይዛ ትሄዳለች፤ ሰው ፍቅር ነው ይላል፤ ፍቅርም ነበር፣ የምትረግጠውም አይታያትም ነበር። ምግብ ቤት ሲገቡ "አንተ ያዘዝከውን" ትላለች። ሲኒማ ሲወስዳት እሱ ሲስቅ ትስቃለች። ፊቱን በጣም ሲቀርባት ብቻ ነው ያየችው፤ ያኔም ቁርጥራጩን፣ ቅንድብ ለብቻው፣ ጉንጭ ለብቻው። ከስምንት ወር በኋላ አንድም ቃል ሳይናገር መምጣቱን አቆመ። ቀለም ቤቱንም ለቀቀ። ሦስት ሳምንት አለቀሰች። ከዚያ አንድ ቀን፣ መነጽሯን አድርጋ መንገድ ላይ ስትሄድ፣ አንድ የማታውቀው ሰው በዚያው በእሱ ድምፅና አባባል "አለቀ ደቀቀ" ሲል ሰማች። ዞር ብላ አየች። ጠባብ ፊት፣ አፍንጫው ጥግ ጥቁር ነጥብ፣ የደከመ ዓይን። እሱ ነበር። አጠገቧ አልፎ ሄደ። የዚያን ዕለት ልቅሶዋ ቆመ። ፊቱን እንኳ ለማታውቀው ሰው ነው ለካ ሦስት ሳምንት ያለቀሰችው።

ለማንም ነግራ አታውቅም።

"ፍሬሙ ጆሮዬን ይጫነኛል" አለ ሰውየው አሁን፣ መነጽሩን ሞክሮ። ሬዲዮ በመስተዋቱ ቀዳዳ ወረቀት ብቻ አስገባች፤ "ይስተካከል" ይላል። መነጽር ሠሪዋ ከክፍሏ ወጣች።

"ይቀመጡ" አለችው።

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ፍሬም ሲስተካከል ፊት ለፊት መቀመጥና የሰውን ዓይን ማየት ግድ ነው። ፀጉሩ ሳስቷል። ነጥቧ አለች። ግራ ጆሮው ከቀኙ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ነው የተጫነው። ይህን ሁሉ ጊዜ የሰውየው ጆሮ እኩል አለመሆኑን አታውቅም ነበር። የፍሬሙን ክንድ በሙቀት አለስልሳ ማጠፍ ጀመረች።

"ይገርማል" አለ ቤቱን እየቃኘ። "ወጣት ሳለሁ እዚህ ጎን ነበር የምሠራው። ቀለም ቤት ነበረ።"

"አሁን የለም።"

"እዚህ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች።" ፈገግ አለ። "አቤት ዓይን! ከመነጽር ቤቱ ሰው ሁሉ መነጽር የማያስፈልጋት እሷ ብቻ ነበረች። ምን ሆነች ይሆን? አታውቂያትም እህቴ?"

"ብዙ ሰው ተቀያይሯል" አለች። ቀና አላለችም።

"ኩሩ ነበረች። እንደዚያ ኩሩ ሰው አላየሁም። ሁለታችን ስንሆን ማር ናት። መንገድ ማዶ ሆኜ እጄን ሳውለበልብላት ግን ዓይን ለዓይን እያየችኝ ታልፈኛለች! እንደማታውቀኝ! አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። የቀለም ሻጭ አሳፍሯት ነው አሉኝ። እኔም ተውኩት። አለቀ ደቀቀ።"

የፍሬሙ ክንድ ከሚገባው በላይ ታጠፈባት። ቀስ ብላ መለሰችው።

"ምናልባት" አለች፣ "አላየችዎት ይሆናል።"

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። "በዚያ ዓይን?"

መነጽሯን ብታወልቅ ይለያት ነበር። እጇ ወደ ፊቷ ሄዷል፤ ጣቷ የፍሬሙን ጠርዝ ነክቷል። ግን ብታወልቀው ያኔ እንደነበረው ሁሉ አሁንም እሱ ይጠፋባታል፤ ፊቱ ላይ ምን እንደሚመጣ፣ ይደሰት ይዘን፣ ማየት አትችልም። በጣቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችው፤ የእሱን መነጽር አነሳችና ዓይኑ ላይ አደረገችለት።

"አሁንስ?"

ካርዱን አነሳና ትንንሾቹን ፊደሎች እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ከመዳፍ ትንሽ በሚርቅ ቦታ፣ ፊቷን አየ።

"በጣም ጥሩ" አለ። "ቅርብ ቅርቡ ሁሉ ታየኝ። ተባረኪ እህቴ።"

ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ ሬዲዮ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ቃል ተናገረቻት።

"ምነው ፊትሽ? አመመሽ እንዴ?"

መነጽር ሠሪዋ ነገረቻት። አጭር አድርጋ፣ ደንበኛው የተቀመጠበትን ወንበር እያየች። ሬዲዮ አንዴም አላቋረጠቻትም፤ ይህ ራሱ ጉድ ነው። ስትጨርስ ሬዲዮ አፏን በእጇ ይዛ፣

"ይሄ እኮ ልክ ፊ..." አለችና ምላሷን ነከሰች። ከዚያ ብድግ አለች። "እንዲህ ብሎ አይሄድም! እኔ እነግረዋለሁ!"

"ተዪ—"

ሬዲዮ ግን በሩን በርግዳ ወጥታለች። በዚያ በተረከዛም ጫማ መንገዱን ስትሮጠው በመስኮቱ ታየች፤ የአትክልት ሻጩ ጋሪውን ሳብ አድርጎ አሳለፋት። መነጽር ሠሪዋ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ይምጣ ወይም አይምጣ፣ የትኛውን እንደምትፈልግ አታውቅም።

ሬዲዮ ብቻዋን ተመለሰች። ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

"ደርሼበት ነበር" አለች ስታለከልክ። "የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሚስቱ ትጠብቀዋለች። መነጽሩን ተቀብላ እየሞከረችው፣ እሱ እየሳቀባት ነበር። ምን እላለሁ? ሰዓት ስንት ነው ብዬ ጠይቄ መጣሁ።"

"ደግ አደረግሽ።"

"ስንት ዓመት ነው አብረን የሠራነው?"

"ስድስት።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ የአማቴን የጉልበት ሕመም እንኳ ሳላስቀር ነግሬሻለሁ። አንቺ ይሄንን ይዘሽ ማሽን ስትገፊ!" ተቆጣች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "እኔ እኮ ፊልሙን ስላልወደድሽው አይደለም ያኮረፍኩሽ። የኔን ሕይወት ሌንስ የለውም ያልሽኝ መሰለኝ። ላግባሽ ብሎ የጠየቀኝ ያንን ፊልም ያየን ዕለት ነው፤ አሁን እሱ ባሕር ላይ፣ እኔ እዚህ።"

"እንደዚያ ማለቴ አልነበረም።"

"አሁን አወቅኩ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ቢሆንም አይረዝምም። የሚያምር ፊልም ነው።"

"ይረዝማል" አለች መነጽር ሠሪዋ።

ሬዲዮ ሳቀች። እስከ መዝጊያ ሰዓት ድረስም አምስት ሳምንት የተጠራቀመባትን ወሬ ሁሉ አራገፈችው፤ ሐኪሙ ከጨለማው ክፍል ወጥቶ ተመስገን ብሎ ተመልሶ ገባ።

ደስታው ብዙ አልዘለቀም። በሦስተኛው ወር የሬዲዮ ባል መርከቡን ትቶ ወደብ ላይ፣ በሩቅ ከተማ፣ የሞተር መጠገኛ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሬዲዮ ዕቃዋን አስራ ተከተለችው። በእሷ ቦታ የመጣችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ስትጠየቅ ትመልሳለች፣ ካልተጠየቀች ዝም ጭጭ።

ሬዲዮ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወደ ሱቁ ስልክ ትደውላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ብቻዋን ነበር የምታወራው። ቆይቶ መነጽር ሠሪዋም ማውራት ለመደች፤ ሳምንቱን ሙሉ የምትነግራትን ታጠራቅማለች። አንድ ሐሙስ ስለ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ነገረቻት። ሴትየዋ አዲስ መነጽሯን አድርጋ ቤቷ ስትገባ፣ አሥር ዓመት ግራጫ ነው ስትለው የኖረችው የወጥ ቤት ግድግዳ አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው። ልጇን ጠርታ "ማን ነው ሳያስፈቅደኝ የቀባው?" ብላ ተቆጣችው። "ልጁ ሱቅ ድረስ ይዟት መጣ" አለች መነጽር ሠሪዋ። "ግድግዳውን እኛ የቀየርነው ይመስል! ዶክተሩ እንኳን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት..." ራሷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ከወዲያ በኩል ሳቅ አልነበረም።

"ሄሎ?" አለች። "ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?"

መስመሩ ተቆርጧል። መቼ እንደተቆረጠ አላወቀችም። ግድግዳው ጋ ይሁን፣ ልጁ ጋ ይሁን፣ ገና "አንዲት አሮጊት" ስትል ይሁን። አዲሷ እንግዳ ተቀባይ ቀና ብላ አየቻትና በጨዋነት ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። መነጽር ሠሪዋ ስልኩን አስቀመጠች። ተመልሳ ትደውል ይሆናል ብላ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የአራት ሰው ሌንስ ይጠብቃታልና ወደ ክፍሏ ገብታ ማሽኑን አስነሳች። የመስተዋቱ በር ተዘግቶ ማሽኑ ሲሠራ ስልክ ስለማይሰማ፣ ሳትዘጋው ተወችው።